ውጭ አገር በሕፃናት ማሳደጊያ በበጎ ፈቃድ መሥራት፦ ከመወሰን እስከ መሰናበት

ሻንጣ ከመሸከፋችሁ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ከሚኖሩ ሕፃናት አብዛኞቹ ወላጅ አልባ አይደሉም። ሴቭ ዘ ችልድረን እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳስታወቀው ከአምስቱ ቢያንስ አራቱ አንድ ወይም ሁለቱም ወላጆቻቸው በሕይወት አሉ። ማሳደጊያ የሚገቡት በድህነት፣ በአካል ጉዳት፣ በአቅራቢያቸው ትምህርት ቤት በመታጣቱ ወይም አንዱ መጥቶ «ልጃችሁን ላስተምርላችሁ» ብሎ ስለወሰዳቸው ነው። የሚከፍል የውጭ እንግዳ በበዛበት ቦታ ደግሞ ልጅ ፈልጎ የማምጣት ሥራ ይደራል። በካምቦዲያ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ባለው ጊዜ የማሳደጊያዎች ቁጥር 75 በመቶ ያህል ጨምሯል። በኔፓል ደላሎች ከሩቅ ተራራማ ወረዳዎች ልጆችን እየወሰዱ ቱሪስት በሚበዛባቸው ከተሞች ወላጅ አልባ ናቸው እያሉ ሲያስገቡ ኖረዋል።

በዚህ ምክንያት አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018 የዘመናዊ ባርነት ሕጓን ስታወጣ ልጆችን ለትርፍ ወደ ማሳደጊያ ማዘዋወርን ከዘመናዊ ባርነት ዓይነቶች ቆጥራዋለች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳለፈው ውሳኔ መንግሥታት በማሳደጊያ በጎ ፈቃድና ጉብኝት ሳቢያ የሚመጣውን ጉዳት እንዲከላከሉ ጠይቋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁለት ነገር ያስቀድማሉ፦ ቦታውን ማጣራት፣ ከዚያም ጉልበታችሁን ከልጆቹ ይልቅ ለሚያሳድጓቸው ሰዎች ማዋል።

1. ምን ልትሠሩ እንደምትሄዱ ወስኑ

ራሳችሁን የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ይህንኑ ሥራ አገሬ ላይ፣ አሁን ባለኝ ሥልጠና፣ ማንም ሳያጣራኝ እንድሠራ ይፈቀድልኛል? መልሱ «አይፈቀድልኝም» ከሆነ ድንበር መሻገር ብቻውን ማንንም ባለሙያ አያደርግም። ነርስ ያልሆነ ሰው ቁስል አያክም፤ መምህር ያልሆነ ክፍል አይረከብ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያልሆነ ሰው ልጅ አስቀምጦ «ያለፈውን ንገረኝ» አይበል።

ደህና ማሳደጊያ የሚቸግረው ልጆች የሚያጫውት እንግዳ አይደለም። የሒሳብ መዝገብ የሚያስተካክል፣ የውኃ መስመርና የኤሌክትሪክ ገመድ የሚጠግን፣ ለሶሻል ወርከሮች ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ እንዴት ተደግፎ ተቀምጦ መመገብ እንዳለበት ለሞግዚቶች የሚያሳይ ፊዚዮቴራፒስት ነው የሚያስፈልገው። ፊዚዮቴራፒስቱ ሃያውን ልጅ በየቀኑ በራሱ እጅ ቢያንቀሳቅስ፣ የሄደ ዕለት ሁሉም ይቆማል። አራት ሞግዚቶችን ቢያሠለጥን ግን ሥራው እሱ ከሄደ በኋላም አለ።

ጊዜውም በሥራው ዓይነት ይወሰናል። ለሠራተኞች ሥልጠና ወይም ለጥገና ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊበቃ ይችላል። ከልጆች ጋር በየዕለቱ የሚያገናኝ ሥራ ከሆነ ግን ስድስት ወር መቆየት የማይችል ሰው ባይጀምረው ይሻላል። «የሁለት ሳምንት የሕፃናት እንክብካቤ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

ለምን ቢባል፣ ሕፃን የሚያድገው ያው አንድ ፊት፣ ያው አንድ ድምፅ እየተመላለሰለት ነው። ቡካሬስት ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ ጥናት 136 የማሳደጊያ ሕፃናትን በዕጣ ከፍሎ ግማሾቹን አደራ ቤተሰብ (ልጁን በቤቱ ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤተሰብ) ዘንድ አስገባ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ ዕድገትም ሆነ ከአሳዳጊያቸው ጋር በመተሳሰር ከሌሎቹ ልቀው ተገኙ። በየሦስት ሳምንቱ የሚቀያየር በጎ ፈቃደኛ የዚህን ተቃራኒ ያደርጋል፤ ልጁ የለመደውን ሰው ደጋግሞ እንዲያጣ ያደርገዋል።

2. ቦታውን አጣሩ

ከሁሉም ረጅሙ ሥራ ይህ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ወር ስጡት። ከአስተናጋጁ ድርጅት ጋር በስልክ ከመነጋገር ይልቅ እነዚህን ጥያቄዎች በኢሜይል ላኩና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፦

– ፈቃዱን የሰጠው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ቁጥሩ ስንት ነው? የሚያበቃው መቼ ነው?
– ስንት ልጆች አሉ? ከእነሱ ስንቱ በሕይወት ያለ ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ አለው?
– ባለፈው ዓመት ስንት ልጆች ወደ ቤተሰብ ተመለሱ ወይም አደራ ቤተሰብ አገኙ?
– በቀንም በሌሊትም ፈረቃ አንዲት ሞግዚት ስንት ልጅ ትይዛለች?
– ዘመድ የሚጠይቃቸው በየስንት ጊዜው ነው?
– የሕፃናት ጥበቃ ፖሊሲያችሁን ልትልኩልን ትችላላችሁ? ተጠሪው ማን ነው?
– ባለፈው ዓመት ስንት በጎ ፈቃደኞች መጡ? ከጠቅላላ ገቢያችሁስ ምን ያህሉ ከእነሱ የሚመጣ ነው?

መልሱን ስታነቡ ትኩረታችሁ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ይሁን። «ሁሉም ወላጅ አልባ ናቸው» የሚል መልስ ብዙውን ጊዜ ፋይል አለመኖሩን ወይም ያለመናገር ፍላጎትን ያሳያል። አንድም ልጅ ወደ ቤተሰቡ የማይመለስበት ቤት ልጆቹን ይዞ ለማቆየት የሚሠራ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ጠቅላላ ጉባኤው የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያ ለልጁ በእርግጥ ተስማሚና አስፈላጊ በሆነበት ጊዜ ብቻ እንዲሆን ይላል፤ ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ደግሞ በቤተሰብ ውስጥ ሊያድጉ እንደሚገባ ይናገራል። የምታነጋግሩት ሥራ አስኪያጅ ይህን መመሪያ ሰምቶት የማያውቅ ከሆነ ያው ነው፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ፈቃዱን በፎቶ ብቻ አትቀበሉ። የአገሩ የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጋ ጻፉና «ይህ ቁጥር የእናንተ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ መዘግየቱ አይቀርም፤ ሁለት ወር ያልነው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ገንዘቡንም አፍታቱት። በላኪ ድርጅት በኩል የምትሄዱ ከሆነ ለመኝታ፣ ለምግብ፣ ለአስተባባሪ ደመወዝና ለማሳደጊያው የሚሄደውን ለየብቻ እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። የማሳደጊያው ገቢ በበጎ ፈቃደኞች ላይ የቆመ ከሆነ ቤቱ ለመኖር ልጆች ያስፈልጉታል ማለት ነው፤ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ገቢውም አብሮ ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ መስጠት የሚችል እንግዳ እንዲያዝን ተብሎ ፍራሹም ልብሱም ሆን ተብሎ አይቀየርም። የተለገሰው ብርድ ልብስ በመጋዘን ተቆልፎ ልጆቹ ሲበርዳቸው ካያችሁ የገባችሁበትን ቤት አወቃችሁት።

ጉዳዩን ሳታራዝሙ የምትተዉባቸው ምልክቶችም አሉ፦ ከፓስፖርት ቅጂና ከክፍያ በቀር ምንም አለመጠየቅ፤ የልጆችን ፊት ከነስማቸውና ከነታሪካቸው ድረ ገጽ ላይ መለጠፍ፤ ልጆች ለእንግዳ እንዲጨፍሩ ማድረግ፤ ቱሪስት ቀጠሮ ሳይዝ ገብቶ እንዲጎበኝ መፍቀድ፤ በጎ ፈቃደኛ ልጅ ይዞ ለሽርሽር እንዲወጣ መፍቀድ። እናንተን ሳይጠይቅ ያስገባ በር ሌላውንም ሳይጠይቅ ያስገባል።

ቦታው ማጣሪያውን ካላለፈ መሄዱን መተው አይጠበቅባችሁም። ልጆች ማታ ወደ ቤታቸው የሚመለሱባቸውን ፕሮግራሞች ፈልጉ፦ የቀን ማቆያዎች፣ ቤተሰብ የሚደግፉ ድርጅቶች፣ አደራ ቤተሰብ የሚያሠለጥኑ ማዕከላት፣ የአካል ጉዳተኛ ልጆች እናቶች ማኅበራት። ያው ሙያችሁ ልጁ ከቤቱ ሳይወጣ ይጠቅመዋል።

3. ወረቀታችሁን ጨርሱ

ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ከአገራችሁ ብቻ ሳይሆን ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከኖራችሁባቸው አገሮች ሁሉ አውጡ። ብዙ አስተናጋጆች ከሦስት እስከ ስድስት ወር ያለፈውን ማስረጃ ስለማይቀበሉ በጣም ቀድሞ ማውጣት ድካም ብቻ ነው። ሰጪውም ተቀባዩም አገር የ1961ዱ የሔግ ስምምነት አባል ከሆነ አፖስቲል (ሰነዱ ትክክለኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ በስምምነቱ አባል አገሮች የሚታወቅ ማኅተም) ይበቃል፤ ካልሆነ በውጭ ጉዳይና በኤምባሲ ማረጋገጥ ሊያስፈልግ ይችላል። ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ምስክሮች ስማቸውን ከሰጣችሁ በኋላ አስተናጋጁ በእርግጥ ደውሎ እንደሆነ ጠይቋቸው። ካልደወለ እናንተን እንዳላጣራ ሌሎችንም አላጣራም።

ቪዛ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጉብኝት ቪዛ ያለ ክፍያ መሥራትንም በብዙ አገር ይከለክላል፤ «ሁሉም በጉብኝት ቪዛ ነው የሚመጣው» የሚል አስተባባሪ ስትያዙ ከእናንተ ጋር አይባረርም። ኤምባሲውን በጽሑፍ ጠይቁ። የጤና ኢንሹራንሱ ከአገር ወደ አገር አምቡላንስ ማጓጓዝን ይጨምር፤ የበጎ ፈቃድ ሥራን ከሽፋኑ ያወጣ እንደሆነም ትንንሾቹን ፊደላት አንብቡ።

ከመሄዳችሁ በፊት የሥራ ዝርዝር፣ የሥራ ሰዓት፣ የቅርብ ኃላፊያችሁ ማንነት፣ የሥነ ምግባር ደንቡና የመጨረሻ ቀናችሁ የሠፈሩበት ሰነድ ይፈረም።

4. ክትባት

ክሊኒክ ቢያንስ ከስምንት ሳምንት በፊት ሂዱ። ሄፓታይተስ ቢ በተለመደው አሰጣጥ በመጀመሪያው ቀን፣ በአንድ ወርና በስድስት ወር የሚሰጥ ሦስት መርፌ ስለሆነ ቀድሞ መጀመር ይበጃል። ቢጫ ወባ ካስፈለገ የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ኩፍኝ ሁለት ዶዝ መውሰዳችሁን አረጋግጡ፤ ብዙ ሕፃናት በተጨናነቁበት ክፍል ኩፍኝ እንደ ሰደድ እሳት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ወደሚያሠጋበት አገር የምትሄዱ ከሆነ ስለ ቅድመ መከላከያ ክትባቱም ጠይቁ። ለሳምንታት የቆየ ሳል ያለበት ሰው ቲቢ ሳይመረመር ሕፃናት ክፍል አይግባ።

5. የመጀመሪያው ሳምንት

ሥራ አትጀምሩ፤ እዩ። የቀኑን መርሐ ግብር፣ የሞግዚቶቹን ስም፣ ማን የትኛውን ልጅ እንደሚይዝ እወቁ። ከልጆቹ ጋር ሠራተኞቹ ያስተዋውቋችሁ፤ ሲያስተዋውቁም ለምን እንደመጣችሁና መቼ እንደምትሄዱ በዚያው ዕለት ይነገር።

በር ላይ የሚገጥማችሁን አስቀድማችሁ እወቁ። የሦስት ዓመት ልጅ አይቷችሁ የማያውቅ ሮጦ መጥቶ እግራችሁን ጥምጥም ብሎ ይይዛል፤ ክንዱን ዘርግቶ «አንሱኝ» ይላል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ፍቅር ይቆጥረዋል። በቤተሰቡ ያደገ የሦስት ዓመት ልጅ ግን እንግዳ ሲያይ ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ ይደበቃል። ለማንም ለማያውቁት ሰው መለጠፍ አንድ የራሴ የሚሉት ሰው የማጣት ምልክት ነው። ስለዚህ አታንሱት፤ አትግፉትም። እስከ ዓይኑ ድረስ ዝቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ፣ በስሙ ሰላም በሉት፣ እጁን ይዛችሁ ወደ ሞግዚቷ ውሰዱት፣ ከዚያ ለእሷ አስረክቡ። አሥር ጊዜ ቢመጣ አሥር ጊዜ እንደዚሁ።

ማብላት፣ ማጠብ፣ ማስተኛትና ሲያለቅስ ማባበል የሞግዚቷ ናቸው፤ ልጁ ሰው የሚለምደው በእነዚህ ሰዓታት ነው። እናንተ ልብስ ብታጥቡ፣ ሳህን ብታጸዱ፣ ወለል ብትጠርጉ ለእሷ ከልጁ ጋር የምትቀመጥበት ሰዓት ይተርፋታል። ከባሕር ማዶ መጥቶ ሳህን ማጠብ ለአንዳንዱ ይከብደዋል፤ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ይኸው ሊሆን ይችላል።

6. በየቀኑ የሚጠበቁ ደንቦች

ከልጅ ጋር ብቻችሁን በተዘጋ በር አትሁኑ፤ ሁለተኛ ሠራተኛ ይኑር ወይም ከውጭ የሚታይበት ቦታ ይሁን። መታጠቢያ ቤትና መኝታ ክፍል አትግቡ። ልጅ በጎን ቢያቅፋችሁ ወይም ትከሻችሁ ላይ ቢደገፍ ችግር የለም፤ ጭን ላይ ማስቀመጥ፣ መሳም፣ መኮርኮር ግን ይቅር።

ፎቶ አታንሱ፤ ለማስታወሻ እንኳ ቢሆን። ለሥራው ምስል ካስፈለገ ማሳደጊያው ራሱ ፈቃድ አስፈርሞ፣ ፊትና ስም ደብቆ ያንሳ። ስልካችሁን ለልጆች አትስጡ።

ስጦታ ለአንድ ልጅ ለይታችሁ አትስጡ፤ ማታ የሚነጠቀውና የሚደበደበው ያው ልጅ ነው። ያመጣችሁትን ለቢሮው አስረክቡ፣ እነሱ ያከፋፍሉ። ስለ ወላጆቹ አትጠይቁ። ቅጣት በእናንተ በኩል አያልፍም፤ ልጅ ሲመታ ካያችሁ ግን ዝም አትበሉ፣ ቀጥሎ በቁጥር 7 የተጻፈውን አድርጉ።

7. ልጅ ጉዳት ደረሰብኝ ቢላችሁ

የሚነግራችሁ ምናልባት በማይመች ሰዓት ነው፤ ልብስ ስታሰጡ፣ በሩ ሊዘጋ ሲል። የያዛችሁትን አስቀምጡና ስሙት።

«ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። «ስለነገርከኝ ጥሩ አድርገሃል፤ ሊረዳህ ለሚችል ሰው ግን መናገር አለብኝ» በሉት። ጥያቄ ካስፈለገ ክፍት ይሁን፤ «ከዚያስ?» ይበቃል። «እገሌ ነው?» «እዚህ ጋ ነካህ?» የሚሉ መልስ የሚያቀብሉ ጥያቄዎች በኋላ ፖሊስና ፍርድ ቤት ጋ ቃሉን ያበላሹበታል። አታስደግሙት፤ ሰውነቱን አትመርምሩ፤ ቁስሉን በስልክ አታንሱ። የተጠረጠረውንም ሰው ሄዳችሁ አትጠይቁ፤ አስጠንቅቃችሁት ማስረጃ ታጠፉለታላችሁ፣ ልጁንም ለበቀል ታጋልጡታላችሁ።

ከዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነበረ፣ ልጁ የተጠቀመባቸውን ቃላት ሳታስተካክሉ፣ እናንተ ያላችሁትንም ጭምር። ያያችሁትንና የገመታችሁትን ለይታችሁ አስፍሩ። ፈርማችሁ በዚያው ዕለት ለሕፃናት ጥበቃ ተጠሪው አስረክቡ። የተጠረጠረው ተጠሪው ራሱ ወይም ዳይሬክተሩ ከሆነ ለላኪ ድርጅታችሁና ለአገሩ የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት አድርሱ፤ የእነዚህን ስልክ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ወረቀት ላይ መጻፍ ያለባችሁም ለዚህ ነው። ልጁ አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ ፖሊስ ይቀድማል።

8. ጤና

የዱቄት ወተት የሚበጠበጠው ከፈላ በኋላ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ባልወረደ ውኃ ነው፤ ዱቄቱ ራሱ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ስለሚችል። ከተበጠበጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋል። ሠራተኛ ሲያንስ ጡጦውን በትራስ አስደግፎ መተው የተለመደ ጥፋት ነው፤ ሕፃኑን ሊያንቀው ይችላል፣ ሰው አቅፎ የሚያየውን ጊዜም ያሳጣዋል።

እከክ የታየ እንደሆነ አንዱን ልጅ ብቻ ማከም ዋጋ የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ጤነኛ የሚመስሉት ጎረቤቶቹም ይዘውት ይሆናል። ክፍሉ በሙሉ፣ ሞግዚቶቹንና እናንተን ጨምሮ፣ በአንድ ቀን ይታከም፤ ልብስና አንሶላ በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ ይታጠብ። መድኃኒቱን የሚያዘው ነርስ ነው። ከራሳችሁ ሻንጣ ክኒን አውጥታችሁ ለልጅ አትስጡ።

9. መሰናበት

ሳይነግሩ መጥፋት «እንዳያለቅሱ» ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ልጆቹ የሚማሩት ግን ሰው በድንገት እንደሚጠፋ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ግድግዳ ላይ ቀን መቁጠሪያ ስቀሉ፤ ትንንሾቹ በየማታው አንድ ሣጥን ይሰርዙ። ለምን እንደምትሄዱ በአጭሩ ንገሩ፤ «ጥፋታችሁ ስለሆነ አይደለም» የሚለውን ጨምሩበት፣ ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሚያስቡት። እንደምትመለሱ እርግጠኛ ካልሆናችሁ «እመለሳለሁ» አትበሉ። ሥራችሁን ለሚረከበው ሠራተኛ በጽሑፍ አስረክቡ፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት አብራችሁት ሥሩ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ገንዘብ መስጠት ብትፈልጉ ልጆችን ወደ ቤተሰብ ለሚመልስ ሥራ መሆኑን አስጽፉ፦ ለሶሻል ወርከር ደመወዝ፣ ለዘመድ ፍለጋ ጉዞ፣ ለተመለሰው ልጅ ቤተሰብ ድጋፍ። በአንድ ልጅ ስም በቀጥታ መላክ ይቅር።

አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ በፌስቡክ ፈልጎ ያገኛችኋል። ጥያቄውን አትቀበሉ፣ ለመልእክቱም ለብቻ አትመልሱ። የመልእክቱን ቅጂ ለማሳደጊያው የጥበቃ ተጠሪ ላኩ፤ ለልጁ የምትጽፉትን ደብዳቤ በእሱ በኩል አድርሱ። ተጠሪው ካልመለሰላችሁ በሳምንቱ ደግማችሁ ጻፉ፣ ለላኪ ድርጅታችሁም ግልባጭ አድርጉ።